ከአትጠገብ ስም ፊት የቆመችው ኮከብ

ታዲዮስን ዲላ የማያውቀው የለም። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ መልኩም አይከፋም፣ ሚስት ግን የለውም። ምን ያድርግ፣ የሞተ ቋንቋ አግብቶ! ድሮ ድሮ ፈረንጅ አገር ጎት የሚባሉ ሰዎች ነበሩ አሉ። አለቁ። የቀረላቸው የተቦጫጨቀ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እዚያ ላይ እናትን በሌላ ስም ይጠሯታል፤ ዘመዶቻቸው ሁሉ እናትን የሚጠሩባት ቃል ግን የትም የለችም። ታዲዮስ ታዲያ የጎቶቹን ዘመዶች ቋንቋ አንድ በአንድ ይጠይቅና "እነሱም እንዲህ ሳይሏት አይቀሩም" ብሎ ይጽፋታል። ከፊቷ ኮከብ ያደርጋል። ማንም አላያትም፣ ግን ነበረች ማለት ነው። አንድ ቀን የጠፋው ገጽ ከተገኘ ኮከቧ ትፋቃለች።

በዚህ ስንስቅበት ከርመን እናቱ ጠፋች።

አትጠገብ ገደብ ከተማ ነበር የምትኖረው። አእምሮዋ ከሸሻት ቆይቷል። በገበያ ቀን ከቤት ወጣች፣ በዚያው ቀረች።

ታዲዮስ ማስተማሩን ጥሎ መንገድ ለመንገድ ዋለ። የአውቶቡስ ረዳቱ፣ "'ልጄ ጋ ዲላ አድርሰኝ' አለችኝ፤ መኪናው ሞልቶ ትቻት ሄድኩ" አለው። ቆጮ ሻጯ፣ "ጫማዋን በእጇ ይዛ ቁልቁል ወረደች" አለችው። ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ደግሞ፣ "ጎርፍ ነበር። ነጠላዋን ቁጥቋጦ ይዞት አየሁ" አለች። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

እህቱ ሔርሜላ፣ "ድንኳን እንትከል" አለችው።

"አስከሬን ሳላይ አላለቅስም!"

"እስከ መቼ ታዲ? ጎረቤት ሊያጽናናን ይመጣና 'ነፍስ ይማር' ይበል 'እግዜር ያምጣት' ይበል ግራ ገብቶት ይመለሳል። እኔም ጥቁር ልልበስ አልልበስ አላውቅም።"

"ትመጣ ይሆናል።"

"ረዳቱ ተናገረ። ሻጯ ተናገረች። ሴትየዋም ተናገረች። ዘመዶቹ ከተስማሙ ይበቃኛል ትል አልነበር? ለፈረንጆቹ እናት ያደረግከውን ለራስህ እናት ትነፍጋታለህ?"

"ጎርፉ የወሰዳት እኔ ጋ ስትመጣ ነው" አለ። ድንኳኑ በማግስቱ ተተከለ። አለቀሰ ብላችሁ፣ በሬ ሲታረድ እንዲያ አያገሳም።

ከዚያ ገደብ ጓሮዋ ውስጥ፣ እንሰቱ ሥር፣ ባዶ መቃብር አሠራ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በምስማር "አትጠገብ" ብሎ ጫረ። ከስሟ ፊት ደግሞ ኮከብ ሣለ።

ጎረቤቷ እትዬ ሸዋአለም ምኗ ይችላል! "አንተ ልጅ፣ ደርግ ተመለሰ እንዴ? ኮከቧ ምን ትሠራለች?"

"ማንም አላያትም ማለት ነው፣ እትዬ።"

"ምነው፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን ስናያት ኖረን!"

ጎንበስ ብላ ኮከቧን በጣቷ ነካ ስታደርጋት ነጭ ኖራ ያዛት። "ስሟን በምስማር ጭረህ ኮከቧን በኖራ? የመጀመሪያው ዝናብ ይወስዳታል እኮ!"

"ከመጣች ልፍቃት ብዬ ነው" አላት።

ይኸው ክረምት ገባ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከዲላ ኖራ ይዞ ይሄዳል።