ኡም ሹክሪ በአቡ ሲምበል

ከአስዋን ማዶ፣ ከዓባይ በስተምዕራብ ባለችው መንደር ዳሂባ የምትባል ሴት መኖሯን ብዙ ሰው አያውቅም። ኡም ሹክሪን፣ የሹክሪን እናት፣ ሲሏት ግን የማያውቃት የለም። ሹክሪ የወለደችው አንድ ልጇ ነው። እሱ ከተወለደ ጀምሮ ሰው ሁሉ በልጇ ስም ነው የሚጠራት፤ የራሷ ስም ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ የሰርግ ልብስ ሳይነካ ቀርቷል። ሹክሪም ቢሆን እንደ አገሩ ወንዶች ሁሉ የእናቱን ስም ለባዕድ ሰው አይናገርም። ነውር ነው።

ኡም ሹክሪ ልብስ ሰፊ ናት። መስኮቷ ሥር ከስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላ የመንደሩን ሴቶች ቀሚስ ስትሰፋ ትውላለች። ሰርግ ቤት ስትሄድ በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቻት ነው። ጀልባ ቀዛፊ የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ንግግሯ ይበልጥ አንሷል። ሹክሪ ማቀዝቀዣ ሲጠግን ውሎ ማታ ይመጣል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ፣ ይተኛሉ።

አንድ ቀን ሹክሪ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «እማዬ፣ አንዲት ልጅ አለች» አላት። ሱሃ ትባላለች፤ የጥንት ቤተ መቅደሶች አስጎብኚ ናት። «እያትና ንገሪኝ። አልወደድኳትም ካልሽ እተዋታለሁ።»

እንደሚተዋትም ታውቃለች። ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ልጇ ቃሉን አይበላም፤ ቃሉን ደግሞ እሷ እጅ ላይ አስቀምጦታል።

«ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ የምትናገር ልጅ እኮ ናት» አለቻት ለጎረቤቷ ለፈህሚያ። «እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት፣ ምን አወራታለሁ? ቤቴንስ በጩኸት ብትሞላውስ?»

ፈህሚያ ምክር የማይጠፋት፣ ወሬም የማያልቅባት ሴት ናት። «ሹክሪ ቤት ካመጣትማ ተለሳልሳ ነው የምትመጣው፤ ምኗንም አታዪም። ሳታውቅሽ ነው ማየት! የመንደራችን የሴቶች ማኅበር አቡ ሲምበል ሊሄድ ነው፣ አስጎብኚዋም እሷው ናት።»

«ስሜን ብትሰማስ?»

«የትኛውን ስምሽን? ዳሂባን? እኔ ራሴ መታወቂያሽን እስካይ ድረስ ረስቼው ነበር!»

«አደራሽን ታዲያ፣ እዚያ ስንደርስ ኡም ሹክሪ ብለሽ እንዳትጠሪኝ።»

«አፌን በመርፌሽ ስፊውና እንሂድ።»

በጉዞው ቀን ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ተነሣ። ሴቶቹ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል በድስት፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ሊጡ በፀሐይ ኩፍ ያለ ዳቦ፣ በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ቀይ የከርከዴ መጠጥ ይዘው ገቡ። የከተማው ቤቶች ከኋላ ሳይጠፉ ከበሮው ተጀመረ። ሾፌሩ ኡስታ ጋበር በመሪው ላይ በጣቶቹ ያጅባል።

ኡም ሹክሪ ከኋላ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ልጅቷን ታጠናለች። ሱሃ አጠር ያለች ናት። የሸራ ጫማዋን አቧራ አንጥቶታል። የነጭ ሸሚዟ የእጅጌ ቁልፍ በጥቁር ክር ተተክሏል።

«ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ክር» አለች ኡም ሹክሪ በሹክሹክታ። «ስፌት አትችልም።»

«አንቺስ ማስጎብኘት ትችያለሽ?» አለቻት ፈህሚያ።

ሱሃ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ስለ መንገዱ፣ ስለ በረሃውና ቤተ መቅደሱን ስላሠራው ንጉሥ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ በእርግጥም ትልቅ ነው። ከዚያ ትንሽ ሰውነት ይወጣል ተብሎ አይታሰብም። ሴቶቹ ግን ከንጉሡ ታሪክ ይልቅ የሷን ፈለጉ።

«ልጄ፣ አግብተሻል?» አለች አንዷ ከመሐል።

«ኧረ ገና ነኝ አክስቴ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እናቱን።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ።

«እናቱ ደግሞ ምን ሆነች?»

«እሳቸው ምንም አልሆኑ። ዝምተኛ ሰው ናቸው ይላል። እኔ ደግሞ ይኸው እንደምታዩኝ ነኝ። ገና ከበር ገብቼ እንደምን ዋሉ ስላቸው ደንግጠው እንዳይሸሹኝ ፈርቻለሁ።»

ኡም ሹክሪ በመቀመጫዋ ላይ ቁልቁል ተንሸራተተች። ፈህሚያ ሳቋ እንዳያመልጣት የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

አቡ ሲምበል ሲደርሱ ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ከፍ ብላለች። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ገብቶ ማስረዳት ክልክል ስለሆነ፣ ሱሃ አሮጊቶቹን ጥላው ውስጥ አስቀምጣ እሷ ፀሐይ ላይ ቆመች። የውስጡን ግድግዳ በፎቶግራፍ እያሳየች አስረዳች። ከተራራው የተፈለፈሉት አራት ግዙፍ የንጉሡ ሐውልቶች ከኋላዋ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የአንደኛው ወገብና ራስ ተገምሶ እግሩ ሥር ወድቋል።

«ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?»

«የመሬት መንቀጥቀጥ ነው አክስቴ።»

«ሚስቱ ሰምታበት ነው እንጂ!» አለች ፈህሚያ። ሱሃ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ኡም ሹክሪ ግን ሌላ ነገር እያየች ነበር። ልጅቷ ስትናገር ዓይኗ የሚያርፈው ከፊት ከተቀመጡት ላይ ሳይሆን፣ ከኋላ ጆሮዋ የደከመ አንዲት አሮጊት ላይ ነው። አሮጊቷ ራሷን ካልነቀነቀች ሱሃ ወደሚቀጥለው አታልፍም። ውኃውም ሲታደል ለራሷ የደረሳት በመጨረሻ ነው። ኡም ሹክሪ ይህን እንደ ጥሩ ጨርቅ በልቧ አጥፋ አስቀመጠችው። ጥቁሩን ክር ግን ገና አልረሳችውም።

ከትልቁ ቀጥሎ ወደ ንግሥቲቱ ቤተ መቅደስ ገቡ። ኡም ሹክሪ ከአንድ ግድግዳ ፊት ስትደርስ እግሯ አልሄድ አለ። ቀጭኗ ንግሥት በሁለት አማልክት መካከል ቆማለች፤ እነሱም ዘውድ ይደፉላታል። ኡም ሹክሪ ዘውዱን አላየችም። የቀሚሱን ሽንሽን ነበር የምታየው። ድንጋይ ላይ እንዲህ የሳሳ ልብስ! ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት አንድም የተዛባ መስመር የለውም። ግድግዳውን ሳትነካ ጣቷን አየር ላይ እያስኬደች እጥፋቱን ተከተለች። ከየት ጀምሮ እንደተቆረጠ ለማወቅ ስትል ሰዓቱንም ሰዉንም ረሳች።

ውጭ፣ ሱሃ ሰዎቿ መሟላታቸውን ለማየት ሲት፣ ማለትም ወይዘሮ፣ እያለች በየስማቸው ትጠራለች።

«ሲት ዳሂባ!» አለች። መልስ የለም። «ሲት ዳሂባ!»

ሴቶቹ ተቀባበሉት። «ዳሂባ! ኧረ ዳሂባ!»

ፈህሚያ፣ በኋላ ራሷ እየሳቀች እንደተናገረችው፣ ለውዝ እየቆረጠመች ከሁሉም በላይ ጮኸች። «ይህቺ ዳሂባ የምትባል ደግሞ ማናት? ሰው በፀሐይ ታስጠብቃለች!»

ጩኸቱ ውስጥ ድረስ ተሰማ። ኡም ሹክሪ ሰማችው። «ምስኪን፣ የጠፋች ሴት አለች» ብላ አዘነችላት። ከምሰሶው ኋላ ተደብቃ እንደሆነ ብላም አጎንብሳ አየችላት።

ሱሃ ግራ ገብቷት ወደ ፈህሚያ መጣች። «ከእርስዎ ጋር የተቀመጡት፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩትስ የት አሉ?»

«ኡም ሹክሪ? እዚያው ንግሥቲቱን...» አለችና ፈህሚያ ከነለውዙ አፏን በእጇ ያዘች። ረፍዶባታል። ሱሃ ፊቷ ተለዋውጦ ወደ በሩ ሮጣለች።

«ኡም ሹክሪ!»

ድምፁ በድንጋዩ አዳራሽ አስተጋባ። ኡም ሹክሪ ካጎነበሰችበት ቀና አለች። «አቤት!»

ዘበኛው እየተቆጣ መጣ። «አንቺ አስጎብኚ! ውስጥ ማስረዳት ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«ማስረዳቴ አይደለም! አማቴ ጠፍተውብኝ ነው!»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ሱሃ ደርቃ ቀረች። ዘበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ ኡም ሹክሪን አየ፤ ጢሙ ሥር ፈገግ አለ። «እንግዲያው መብሩክ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ደስታውን ውጭ አድርጉት።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ወጡ። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ፣ ሱሃ የእጅጌዋን ቁልፍ ብቻ ትነካካለች።

«ተቆጡኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ድምፅሽ...» አለች ኡም ሹክሪ።

«አውቃለሁ፣ ይጮኻል፣ ሹክሪም ሁልጊዜ...»

«ድምፅሽ ባይኖር እዚያው ቀርቼ ነበር።»

በመልሱ መንገድ ሱሃ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ፀጥ አለች። ሴቶቹ ተያዩ። «አስጎብኚያችንን ጅኒ ያዛት እንዴ?» ማለት ሲጀምሩ ፈህሚያ መታገሥ አልቻለችም። ተነሥታ ድምፅ ማጉያውን ወሰደችና ነገሩን ከነሥሩ ተናዘዘች። አውቶቡሱ ተናወጠ።

«እና ምን ትያለሽ፣ ኡም ሹክሪ?»

«ተናገሪ እንጂ!»

ድምፅ ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ኋላ መጣና ጭኗ ላይ አረፈ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዕቃ ነክታ አታውቅም። ከፊት ሱሃ ዘወር ብላ ታያታለች፤ ዓይኗ ውስጥ ልመናም ፍርሃትም አለ። ኡም ሹክሪ ቤቷን አሰበች። ማታ ማታ ከሹክሪ ጋር ሲበሉ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ነው። ቤቱ ፀጥ ያለው እሷ ፀጥታ ስለምትወድ ይመስላት ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ገባት። ጩኸቱን አልለመደችውም እንጂ፣ የናፈቃትስ እሱው ነበር።

ቃል ፈለገች፣ አጣች። ከዚያ እጇን ከአፏ በላይ ጋረድ አደረገችና በድምፅ ማጉያው ውስጥ እልልታዋን ለቀቀችው። ረጅም፣ የጠራ፣ በገዛ ሰርጓ ላይ እንኳ ያልወጣት እልልታ!

ኡስታ ጋበር ጎማ የፈነዳ መስሎት መኪናውን ዳር አስያዘ። ነገሩ ሲገባው፣ «ካቆምንማ አንወርድም እንዴ?» አለ። ከበሮው ወረደ፣ ድስቶቹ ወረዱ፣ ሴቶቹ አሸዋው ላይ ጨፈሩ። ሱሃ ሮጣ መጥታ የኡም ሹክሪን እጅ ሳመች። ኡም ሹክሪ በር ፈልጋ ዙሪያዋን አየች፤ በረሃ ላይ በር የለም፤ ስለዚህ መሐል ገብታ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች።

አስዋን ሲቃረቡ ስልኳ ጮኸ። ሹክሪ ነው፤ የዛሬዋ አስጎብኚ ሱሃ መሆኗን ያውቃልና ከጠዋት ጀምሮ ሲሞክር ውሏል።

«እማዬ፣ አየሻት? ንገሪኝ እንጂ! ደግሞ ይሄ ሁሉ ጫጫታ ምንድን ነው?»

«አንተ አርፈህ ፀጉርህን ተስተካከል» አለችው ኡም ሹክሪ፣ እንዲሰማት ጮክ ብላ። «አርብ አባቷ ቤት እንሄዳለን።»