የተቆረጠው ሽኝት

አንዲት እናት ልጇን በቴሌቪዥን እንዳሳያት ልትለምነኝ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ በሶ ቋጥራ መጣች። በሶውን ተቀብዬ በላሁት። ልጇን ግን አላሳየኋትም። ይህን የምጽፈው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ብሞክርም አይሆንልኝም።

በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቪዲዮ አንሺውም ቆራጩም እኔ ነበርኩ። ቆራጭ ስል በመቀስ እንዳይመስላችሁ። ሁለት የካሴት ማጫወቻዎች በሽቦ ይያያዛሉ፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የሚፈለገው ቦታ ሲደርስ መቅጃውን ትለቀዋለህ፤ የማይፈለገው ሲመጣ ታቆመዋለህ። ሥራው ሁሉ የጣት ነው። ጣትህ ትንሽ ከዘገየች የማይፈለገው ነገር ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ከቸኮለች ደግሞ ንግግር የሚያደርገው ጓድ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ጣት የት ታዝዛ! ማሽኖቹን ከመንካቴ በፊት እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቃቸው ነበር። በሥራዬ ግን እኮራ ነበር። በከተማው እንደ እኔ የሚቆርጥ አልነበረም፤ እርግጥ ሌላ ቆራጭም አልነበረም።

ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ፊልሙ ተቆርጦ በሌላ ካሴት ከተቀዳ በኋላ በዋናው ካሴት ላይ ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ልማዳችን ይህ ነበር፤ ማንም ነውር አይለውም።

አንድ ዓመት፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ወጣቶች ከአንኮበርም፣ ከጫጫም፣ ከእነዋሪም ተሰብስበው ከከተማችን ሲሸኙ እንዳነሳ ታዘዝኩ። ከበሮ ነበር፣ መፈክር ነበር፣ ባንዲራ የያዙ ተማሪዎች ነበሩ። መኪኖቹ ጋ ስደርስ አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት ልጇን አንገቱን አንቃ አልለቅም ብላለች። ስንቅ እንዲሆነው በነጭ ጨርቅ የቋጠረችለትን በሶ፣ መኪናው ላይ የቆመው ወታደር አይገባም ብሎ መልሶባታል። እሷ ስታለቅስ አጠገቧ ያሉት እናቶችም ለቅሶውን ተቀበሏት። ጥሩ ሥዕል ስለሆነ ተጠጋሁ። ልጁ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና አጥፎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ጓደኞቹ ፊት አፍሮ ኖሮ፣ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ የካሜራዬን ዓይን አየና ግማሽ ሳቅ ሳቀ።

ያነሳሁትን ለኃላፊዬ ሳሳየው ፊቱ ተቀየረ።

«ሽኝት አንሳ አልኩህ ወይስ ቀብር? ልቅሶውን አውጣልኝ።»

አወጣሁት። ያንን ሁሉ እናት ቆርጬ በቦታው የተማሪዎቹን ጭብጨባ ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት። ኃላፊዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ታዝዤ ነው ማለት እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔው ነው። በዚያው ሰሞን የኃላፊዬ እህት ልታገባ ነበር። ሰርጓን ላንሳላችሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቀኝ የለም። ባዶ ካሴት ስላልነበረኝም የሽኝቱን ዋና ካሴት ጎትቼ አወጣሁና ሰርጉን ከላዩ ቀዳሁበት። ሙሽራዋ በእናቶቹ ልቅሶ ላይ ጨፈረች። ሰው ለሹም ለማጎብደድ ካልተነገረው የበለጠ እንዴት እንደሚተጋ ከራሴ አውቃለሁ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ያቺ ሴት መሥሪያ ቤታችን በር ላይ መጣች። ሱሪ የለበሰውን ሁሉ ጓድ ነበር የምትለው።

«ያን ዓይን ትከሻህ ላይ ተሸክመህ የነበርከው አንተ አይደለህም፣ ጓድ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ደብዳቤው ከቀረ ሰነበተ። ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ሌት ተቀን ባስበውም መልኩ እየጠፋብኝ ነው። ከዚያ ሳጥን ውስጥ አንዲት ጊዜ ብቻ አሳየኝ።»

ደምስሼዋለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ እውነት ነበር።

«ካሴቱ አዲስ አበባ ሄዷል። ወር ቆይተው ይምጡ» አልኳት።

ከነጠላዋ ስር በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አወጣች።

«ያን ዕለት ስንቁን አልቀበልም ብለውኝ ይዤው ተመለስሁ። ይሄ የዘንድሮ ነው። ለሱ እንዳልልክለት መንገዱን አላውቀው። አንተ ብላው፤ ዓይንህ አይቶታል።»

ተቀበልኳት። ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በውሃ በጥብጬ ጠጣሁት። ይጣፍጥ ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል፤ ግን ይጣፍጥ ነበር።

የገጠር ሴት ናት፣ ወር ሲባል ትረሳዋለች ብዬ ነበር። ልክ በወሩ፣ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ቁጭ ስላለች ባልደረቦቼ «እኚህ ሴትዮ ምን ፈልገው ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ነገሩ እንዳይወጣ ብዬ አስገባኋት። ወንበር ብስብላት እምቢ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የተቆረጠውን ፊልም ከፈትኩላት።

ከበሮው አለፈ። መፈክሩ አለፈ። ጭብጨባው ሊጀምር ሲል የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሴትዮዋ በጉልበቷ ተነሳች።

«ይሄው! ይሄው ልጄ! መልሰው!»

ያቺን ብልጭታ አውቃታለሁ። ጣቴ ዘግይታ የቀረች ጉድፍ ናት፤ አንድም ቀን አቁሜ ምን እንዳለባት አይቼ አላውቅም። አላየሁም ብል እውነት ነው፤ ማየት አልፈለግሁም ብልም እውነት ነው። ለመመለስ አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃ ነበር። ከመለስኩት ግን ቀሪው የታለ ልትለኝ ነው።

«ካሴቱ ነው የሚዘለው፣ እማማ።»

«አየሁት እኮ!»

«አላዩም። ዓይንዎ ደክሞ ነው።»

ይህም አልበቃኝ። ዝም ብላ እንድትሄድልኝ፣ ተሰልፈው ከሚያልፉት መሐል አንድ ረጅም ልጅ መርጬ፣ «ይሄውልዎት፣ ይሄ ነው የእርስዎ» አልኳት። ረጅም ሰዓት አየችው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ይሁን። እናቱ አላየችው ይሆናል። እሱንም እግዜር ለቤቱ ያብቃው።»

ከዚያ ተነስታ እኔንም መረቀችኝ። ሹመት ያዳብርልህ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ተበተነ፤ ያንን የተቆረጠ የሽኝት ካሴት ይዤው ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብዙ ዓመት አልጋ ስር ተቀመጠ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሻጋታ ሳይጨርሰው ብዬ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩት። አሮጌ ኮምፒውተሬ በሥዕልና በቁልፍ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች መሸከም ስላቃተው፣ በጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዝ እየጻፉ መሥራት ተማርኩ። ዕድሜዬን በጣቴ ስቆርጥ ኖሬ አሁን በጽሑፍ እቆርጣለሁ፦ ይህን ፋይል ውሰድ፣ ከዚህ ሰከንድ ጀምር፣ እዚህ ላይ አቁም፣ በስልክ በሚከፈት ዓይነት ቀይረህ አስቀምጥ። አንዲት ነጥብ ብትስት ይነጫነጫል፤ ካልሳትክ ሳያመሰግንህ ይሠራል። እንዲህ ያለ ኃላፊ ቢኖረኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ፋይሉን ቀይሬ ስጨርስ ያቺ ብልጭታ ትዝ አለችኝ። አንድ ትዕዛዝ ጻፍኩ፤ ያችን ሰከንድ ለይተህ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ፎቶ አድርገህ አውጣ አልኩት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት የቆሙ ምስሎች አሉ። ሃያ አምስቱንም በየተራ ከፈትኳቸው። መጀመሪያ መፈክር የሚያሰሙት ነበሩ። መጨረሻ ላይ የተማሪዎቹ እጆች ነበሩ። መሐል ላይ ደግሞ ልጁ ነበረ፤ ባናው ትከሻው ላይ፣ የእናቱ እጅ አንገቱ ላይ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ግማሽ ሳቅ ሲስቅ። አሥራ አንድ ፎቶ። ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አይታው ነበር። ኮምፒውተሩን ሳልዘጋው ተነስቼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ፤ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

ጥርት ያለውን መርጬ በትልቁ አሳተምኩና ወደ አንኮበር ሄድኩ። የሰፈሯን ስም ነግራኝ ስለነበር እያጠያየቅሁ ደረስኩ። እሷ ካረፈች ቆይታለች። ልጁም እንደወጣ ቀርቷል። ያገኘሁት ታናሽ እህቱን ነው፤ እሷም ፀጉሯ ሸብቷል። የወንድምሽን ፎቶ ይዤልሽ መጥቻለሁ ስላት እንዴትና ከየት እንኳን ሳትል ቤት አስገባችኝ፤ በሶ በቅቤ አሽታ፣ ጨብጣ በሳህን አቀረበችልኝ። ከዚያ ፎቶውን በሁለት እጇ ተቀብላ ብዙ አለቀሰች።

«እማዬ እስክትሞት ድረስ፣ ደብረ ብርሃን አይቼዋለሁ፣ ሲስቅ አይቼዋለሁ ትለን ነበር» አለችኝ። «ኀዘኑ አእምሮዋን የነካው መስሎን ነበር። አላየሽም እማዬ፣ ዓይንሽ ደክሞ ነው እንላት ነበር። ኋላ ኋላማ ትታው፣ እውነታችሁን ነው ዓይኔ ደክሞ ነው ማለት ጀምራ ነበር።»

በሶውን ሳልነካ ነገርኳት። እናትሽ አይተውታል፣ አላዩም ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ የደመሰስኩትም እኔ ነኝ አልኳት። ፎቶውን አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ብድግ አለችና ሳህኑን ከፊቴ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በአገራችን ያልተበላ ምግብ ከእንግዳ ፊት አይነሳም። ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።