የማዶ እናት

አባቴ የሞተው ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። ቤታችን ከሚዛን አጠገብ ካለችው ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ ነበር፤ ጓሮው አባቴ በገዛ እጁ የተከለው ቡና ነው። አስተማሪ ሆኖ ከጎጃም ተመድቦ መጣ፣ አገሩን ወደደና ቀረ። እናቴንም ከአገሯ ያመጣት እሱ ነው። ዘመድ የምንለው ሁሉ ሩቅ ነበር።

የእድሩ ድንኳን ተነቅሎ ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። አትበላም፣ አትናገርም። ትልቋ ልጅ እኔ ስለነበርኩ ለታናናሾቼ ሽሮ እሠራለሁ፤ ያርርብኛል፣ ያንኑ እንበላለን። ቡናው በስሎ እየረገፈ ነው፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

አንድ ጠዋት ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ የቤንች ሴት ቅርጫት ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ገቡ። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

“ቡና ይወድቃል” አሉኝ። “ና፣ እንልቀም።”

አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም “አንተ” ነው የሚሉት። ቅርጫት አንስቼ ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ በየዕለቱ መጡ። የለቀምነውን በእንጨት በተሠራ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እናሰጣለን፤ ደመናው ሲያጉረመርም ተሯሩጠን እንሸፍናለን። ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ጎደሬ እናቴ ራስጌ ያስቀምጡና መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ማጽናኛ የሚሆን ቃል ስላልነበራቸው እግሯን ያሹላት ነበር። እናቴ ጎደሬ ቀምሳ አታውቅም፤ እኛ ነን የምንበላው።

አንድ ቀን ግን አልተቀመጡም።

“በቃ። ተነሣ” አሏት። “አንተ፣ ተነሣ። ልጅ አለህ።”

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። “ተነሺ ነው የሚባለው” አለች። ድምጿ ሻክሮ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

“እሺ። ተነሺ።”

ጎደሬውን ልጠው ሰጧት። ሁለት ጉርሻ ያህል ዋጠችና አለቀሰች፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ሴትየዋ ራሷን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር እያንጎራጎሩ ቆዩ። በማግስቱ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከእኛ ጋር ለቀማ ወጣች።

የማዶ እናት እያልን መጥራት የጀመርነው ያኔ ነው። በመካከላችን የነበረው አጥር አንድ ቦታ ላይ ተከፈተ፤ እየተመላለስንበት ሣር የማይበቅልበት መንገድ ሆነ። ጨው ስናጣ ከእነሱ፣ እሳት ሲያጡ ከእኛ። ታናሽ ወንድሜ በወባ ሲወድቅ በጀርባቸው አዝለው ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

በኋላ አጎቴ ለእኛ ትምህርት ብሎ አዲስ አበባ ወሰደን። በምንሄድበት ጠዋት የማዶ እናት ሊሰናበቱን አልመጡም። እናቴ በመንገዳችን አልፋ ስትሄድ ጎደሬ ይኮተኩታሉ፤ ቀና አላሉም። መኮትኮቻውን ከእጃቸው ወሰደችው። ያን ጊዜ ተቃቀፉ። እኔ ሻንጣ ይዤ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

አዲስ አበባ ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፤ ግን በመካከላችን የብሎኬት አጥር አለ። እናቴ አንዳንዴ ግቢው ውስጥ ቆማ ታየዋለች። “እዚህ አንዱ ቢወድቅ፣ ሌላው በየት በኩል ይገባለታል?” ትላለች።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ሚዛን ሄጄ ሰፈራችንን ፈለግሁ። ጓሯችን ላይ ቤት ተሠርቷል። የማዶ እናት፣ ሴት ልጃቸው ቱም የምትባል ከተማ ስላገባች፣ ወደዚያ መሄዳቸውን የሰፈሩ ሰዎች ነገሩኝ። የቱምን መንገድ ዝናብ አበላሽቶት መኪና ስላጣሁ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ይህንን ለእናቴ ነገርኳት።

“በሕይወት አለች ማለት ነው” አለች።

“መንገዱ ሲደርቅ አብረን እንሄዳለን።”

ጉልበቷን ስታሽ ቆየች። “ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?” ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌላ ነገር ስናወራም መልሳ መላልሳ ያንኑ ጠየቀችኝ።