አቶ ጎንበስ

ባለቤቴ ግንበኛ ናት። «እሷ ናት ወይስ አንተ?» የሚሉኝ አሉ። እሷ ናት፣ ምን ይጠበስ! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ቤታችን ባሕሩ ዳር ነው። ምድር እየሞቀች ሩቅ አገር ያለው በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ ከፍ ይላል ሲሉ በሬዲዮ እንሰማለን፤ እኛ ግን አልጋችን ሥር ነው ያየነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ደፉን አልፎ ዘው ይላል። እሷም ጠጠር ትደፋና ሲሚንቶ ታለብሰዋለች፤ ወለሉ ከፍ ይላል። ባሕሩ ይደርስበታል፤ ደግማ ታነሳዋለች። የጎረቤቱን ሁሉ ወለል ያነሳችው እሷ ናት። ጣሪያው ግን ያው ባለበት ነው፤ እኔ ደግሞ ረጅም ነኝ። ግንባሬ ከበሩ ጉበን ሲላተም ያልሰማ ጎረቤት የለም። «አቶ ጎንበስ» ብለው ስም አወጡልኝ፤ አይ ሰው!

ዘንድሮ ግን አበቃ። ወለሉ አንዴ ደግሞ ከተነሳ በእንብርክኬ ልሄድ ነው። ዳገት ላይ የሚኖረው ወንድሜ መጥቶ፣ «ተዉት ይሄን ቤት፤ እኔ ጋ ኑ» አለ። ቤቱ የአባቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳ ሙያውን እዚያው ከሳቸው ተምራለች። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ጓዜን ልጠቀልል ዳድቶኝ ነበር።

«ጣሪያውን አነሳዋለሁ» አለች ባለቤቴ።

«ግድግዳው ቢናድስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን!» አለ ወንድሜ።

«አንተ ብቻ ነገ ትከሻህን ይዘህ ና።»

መጣ። ወለሉን ያነሳችለት ጎረቤትም አንድ ሳይቀር መጣ። ጣሪያውን ከግድግዳው አላቃ፣ እሷ መሰላል ላይ ሆና፣ እኛ ከሥር ተሸክመን አነሳነው። «ቀስ! ወደ ግራ! ማነው እዚያ የሚያዛጋው?» ትላለች። በቋሚ እንጨት አስደገፈችውና ከሥሩ ብሎኬት ደረደረች። በሩንም አስረዘመችው፤ እኔ ሱሪ አስረዝማለሁ፣ እሷ ቤት! ግድግዳው አንዲት ስንጥቅ አላወጣም። እንዴት ኮራሁ! ደረቴ ሸሚዜን ሊቀደው ነበር፤ ደግነቱ የሰፋሁት ራሴ ነኝ።

ወለሉንም አነሳች። ባሕሩ ሞልቶ መጣ፤ ደፉን ነካ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ወንድሜ ቆሞ አይቶ፣ «እኔም ቤት የሚጠገን ግድግዳ ነበረ» አላት፤ ሌላ ምን ይበል?

ያን ቀን ከሥራ ስገባ በሩ ላይ እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ። በሳቅ ፈረሰች።

«ቀና በል እንጂ! ጉበኑ እኮ አይደርስብህም።»

«ለምዶብኝ ነው።»

«ግድ የለም፣ ልማድህን አትተው» አለች ሳቋን ገታ አድርጋ። «ባሕሩ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ወለሉን አነሳለሁ፣ አንተም ትጎነብሳለህ።»

«እጎነብሳለሁ!» አልኳት።

ዛሬ መንገድ ላይ «አቶ ጎንበስ!» ብሎ የሚጠራኝ ካለ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ «አቤት!» ነው የምለው።