ወንዝ እንዳትሻገሩ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አሰላ ከተማ አስተምር ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል። ያሳደጉኝን የአክስቴን፣ የእትዬ ዘነበችን ነገር ሳስብ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

የምኖረው ከእትዬ ጋር ነበር። ከህንድ አገር በቅርቡ የመጣ ሚስተር ቶማስ የሚባል መምህር ጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። አንድ ቅዳሜ ሁሩታ ገበያ ላይ ያገኛት ቡችላ አንጀቱን በላችውና አቅፏት መጣ። እትዬ "ሰውዬው ልጅ መሰለችው እንዴ!" ብለው ሳቁ፤ ወተትም ሰጧት።

ጥቂት ቀን ቆይታ ቡችላዋ ወተቱን እምቢ አለች። ለሃጯን እያዝረበረበች ሚስተር ቶማስን እጁን፣ እኔን ቁርጭምጭሚቴን፣ ሊያስጥሉን የመጡትን እትዬን ደግሞ ጣታቸውን ነከሰች። ጎረቤት ተሯሩጦ በዱላ ገደላት።

እትዬ ወዲያው መድኃኒት አዋቂ አስጠሩ። ሦስታችንም በወተት የተበጠበጠ መራራ ሥር ጠጣን። ሚስተር ቶማስ እንኳ እሳቸውን ላለማስቀየም ጨለጠው። አዋቂው ሲወጣ፣ "ወንዝ እንዳትሻገሩ። የተሻገረ ያብዳል" አለን።

ሚስተር ቶማስ ግን ቁስላችንን በሳሙና ደጋግሞ አሳጠበንና፣ "ነገ አዲስ አበባ። መርፌ አለ። ይህን በሽታ አገሬ አውቀዋለሁ፤ ከጀመረ አይድንም" አለ። አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ አዋሽን መሻገር ግድ ነው።

ጠዋት እትዬን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።

"አንተን ሂድም ቅርም አልልህም። እኔ ግን ወንዝ ተሻግሬ መድኃኒቴን አላፈርስም" አሉ።

እሳቸውን ትቼ ከሚስተር ቶማስ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የአዋሽ ድልድይ ጋ ስንደርስ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። "አውርደኝ!" ብዬ ሾፌሩን አስቆምኩት። ከታች ውሃው ያጓራል። ብሻገርም ብቀርም የምሞት መሰለኝ። ሚስተር ቶማስ ተከትሎኝ ወረደና እጄን ያዘኝ።

"እኔም ጠጥቻለሁ። አብረን እንለፍ።"

ተሳፋሪው ሁሉ እያየን በእግራችን ተሻገርን። ማዶ ስደርስ፣ አብጄ ይሆን እያልኩ ራሴን ስዳብስ እሱ ሳቀብኝ።

መርፌውን ሆዳችን ላይ እየተወጋን ጨርሰን ተመለስን። እትዬ ደህና ነበሩ። "አየህ፣ መድኃኒቴ ሠራ" ብለው ስመው ተቀበሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ ጣታቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ከዚያ ውሃ ሲያዩ መንቀጥቀጥ መጣ።

ቀብራቸው ላይ ሚስተር ቶማስ፣ "ቡችላዋን ያመጣሁ እኔ ነኝ" እያለ አለቀሰ። አልተቀየምኩትም። ያን ቀን እጄን ባይዘኝ ኖሮ እኔም ከጎናቸው ነበር የምቀበረው። ዛሬም ድልድዩ ጋ ስደርስ ከመኪና ወርጄ በእግሬ እሻገራለሁ፤ ምነው እትዬን አዝያቸውም ቢሆን ባሻገርኳቸው እያልኩ።