የአንዲት ትንሽ ከተማ መርዶ

በስደት በምንኖርባት በዌሪቢ ከተማ ካለን ሐበሾች መካከል ጀርመንኛ አንብቦ የሚረዳ እኔ ብቻ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ጀርመናዊ ጋራዥ ውስጥ ሞተር እየፈታሁ፣ የጥገና መጽሐፉን ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ ራሴን አስተማርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ዲግሪ ያላቸው እንኳ ሲቸገሩ «ጋሼ ይጠየቁ» ይላሉ።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በአትክልት እርሻ የጨረሱ ጀርመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። በወጣትነታቸው ትተዋት ስለወጡት የትውልድ ከተማቸው የተጻፈውን ከታብሌቴ ላይ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን አነብላቸው ነበር፤ ወንዝ ዳር ወፍጮ ተክሎ ከተማዋን ስለጀመራት ሰው፣ ስለ ሸማኔዎቿ፣ ተቃጥሎ እንደገና ስለተሠራው ቤተ ክርስቲያን።

«ጀርመንኛዎ የሞተር ዘይት ይሸታል» ይሉኛል።

«የአንቱ ደግሞ ጎመን ጎመን ይላል» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ብቻዬን ቀድሜ ሳነብ መጨረሻውን አየሁት። ከከተማዋ ሥር የድንጋይ ከሰል ተገኝቶ ነዋሪዎቹ ተነሥተዋል። ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ፈርሷል። የቀረው ሰፊ ጉድጓድ ነው።

በእኛ ወግ መርዶ አፍ እንዳመጣ አይነገርም። ስለዚህ ስለ ሸማኔዎቹ መልሼ መላልሼ እያነበብኩላቸው ክረምቱን አሳለፍን።

ከዚያ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጣቸውን ነገሩኝ። «እናቴ አጠገብ ነው የምቀበረው» አሉ።

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። የጸሎት ቡድናችንን ሰበሰብኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎህ ሲቀድ የጎረቤቴን በር አንኳኳን። ሽማግሌው በፒጃማ ብቅ ሲሉ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

«ማነው የሞተው?»

«ከተማዎ» አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። መቃብሮቹ ወደ ሌላ ከተማ መዛወራቸውን፣ የእናታቸውን ግን ፈልጌ ማጣቴንም ነገርኳቸው።

«መቼ አወቁ?»

«ክረምቱ ሲገባ።»

«ታዲያ እስካሁን በሌለ መንገድ ላይ ነው ሲያዞሩኝ የከረሙት?»

በሩን ዘጉብን። ከሴቶቹ አንዷ «ጋሼ፣ ፈረንጅ እኮ እንዲህ አይረዳም» አለችኝ። አልተቀበልኳትም። ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም።

ጉዞው ቀረ፤ የበረንዳው ንባብም ቀረ። ኋላ ሆስፒታል ተኝተው አስጠሩኝ። «የደበቁኝን ያንብቡ» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የፈረሰበት ላይ ስደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ላቆም ስል «ይቀጥሉ» አሉኝ። ጨረስኩት። በዚያው ሳምንት ሞቱ።

እኔ የቻልኩት ይህ ነው። ጀርመንኛን ያለ አስተማሪ ተማርኩ። የአንዲትን ከተማ ታሪክ ለተወለዱባት ሰው በገዛ ቋንቋቸው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌን ለብቻቸው ጉድጓድ አፍ ላይ ከመቆም አዳንኩ። ዘመድ በሌለው ቀብራቸው ላይ የጸሎት ቡድናችንን በሙሉ አቆምኩ፣ የከተማቸውንም ስም አንድ ፊደል ሳልስት ጠራሁ። የእናታቸውን መቃብር አሁንም እየፈለግሁ ነው።