ልብስ ሰፊዋ የለካችው በረራ

ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልከው ቢሮ ሳይከፈት በሩ ላይ ናት። አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ኮሌታዋ ላይ ባለ ክር መርፌ ተሰክቷል። ልብስ ሰፊ ናት። ቢሮው ባሕር ማዶ የላካት ልጇ ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። ልጅቷን ወደ አገሯ የመመለስ ግዴታው የቢሮው ነው፤ ግን ማን ይሰማል!

ቢሮው ሲከፈት ጸሐፊው የግድግዳውን ካርታ በማስመሪያ ለካላት። "ይዩት እማማ፣ ከዳር እስከ ዳር ነው። የሁለት ቀን በረራ በሽተኛ አይችለውም።"

"ልጄ፣ ልብስ የሚለካው ገላ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አይደለም" አለችው።

ለጌጥ የተቀመጠውን የምድር ሉል ሳበች። ክሯን ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ወጥራ በጥርሷ በጠሰችው። በቁራጩ የሉሉን ወገብ ስትለካ ዘጠኝ ጊዜ ሆነ።

"የምድር ዙሪያ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከልጄ ደብተር ነው ያነበብኩት። ለዘጠኝ ሲካፈል አራት ሺህ ከምናምን። አውሮፕላን በሰዓት ስምንት መቶ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም።"

ጸሐፊው ሳቀ። ወረፋ የያዝነው ሁሉ ጫማችንን አየን። ከእኛ መሀል ካርታው ፊት ቆሞ "ውሸት ነው" ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

እሷ ግን ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች። ከፌስታሏ ጠርዙ ያላለቀ የወጣት ቀሚስ አውጥታ መርፌዋን ነቀለች።

"ስድስት ሰዓት መቀመጥ ሰው ይገድል እንደሆነ እዚሁ አሳይሃለሁ" አለችው። "ነገም እመጣለሁ።"